ግብርን ከምቀኝነት እናላቀው፦ ከደሴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በከተማችን ግብር ለምትገምቱና ለምትሰበስቡ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ለምትነግዱ፣ ሱቅ ባይኖራችሁም ስለ ባለሱቅ ለምታወሩ ሁሉ

እንደምን ከረማችሁ?

እኔ ደሴ ውስጥ የአነስተኛ ነጋዴዎችን ሒሳብ በመያዝ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሐምሌ በመጣ ቁጥር ደረሰኙ በፌስታል፣ ዱቤው በደብተር ሆኖ ወደ እኔ ይመጣል። ስለ ግብር የሚባለውን ከሁሉም አቅጣጫ እሰማለሁ። ነጋዴው "ሊያጠፉኝ ነው" ይላል። ሰብሳቢው "ሁሉም ይደብቃል" ይላል። መንገደኛው ደግሞ "እሱማ ይክፈል፣ ሞልቶት የለ!" ይላል። ዛሬ የምጽፈው በዋናነት ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ድምፅ ነው። ቀስ እያለ ከመንገድ ተነስቶ የነጋዴው የቀን ሽያጭ በሚገመትበት ወረቀት ውስጥ ገብቷልና።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ሸቀጣሸቀጥ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ በርበሬ፣ ሽሮ። ሱቁ የቤታቸው የፊት ክፍል ነው። ገማቾቹ የመጡት ሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። ሰኞ ደግሞ እንደምታውቁት ከየገጠሩ ሰው የሚጎርፍበት ቀን ነው። ደጃፉ ላይ ሰው ተሰልፏል። አንዱ ገማች ሸማች ይቆጥራል። አንዱ ይጽፋል። ሦስተኛው ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። "ቆርቆሮው አዲስ ነው" አለ።

ቆርቆሮውን ያስቀየረችው ሳዑዲ ያለችው ልጃቸው ናት። ይህንኑ ነገሯቸው። "ኧረ እትዬ፣ ሱቁ ሳይሸጥማ ቤት እንዲህ አይታደስም" ተባሉ። የዱቤ ደብተሩን አወጡ፤ ማን እንዳልከፈለ፣ ስንት እንደቀረበት በልጅ እጅ ጽሑፍ ተጽፏል። ማንም አልገለጠውም። ገማቾቹ ሻይ ቀርቦላቸው፣ "ሌላ ቦታ እንሄዳለን" ብለው ወጡ።

እኔ ሒሳባቸውን ስለምይዝ አውቀዋለሁ። ሰኞ 9,000 ብር ገደማ ይሸጣሉ። በሌሎቹ አምስት የሥራ ቀናት 3,000 ብር ቢሸጡ ነው። ሳምንቱ ተደምሮ 24,000 ብር፣ በቀን ሲካፈል 4,000 ብር ይመጣል። በዓመት 300 ቀን ሠሩ ብንል 1,200,000 ብር ነው። "ሚሊየነር!" የሚል ይኖራል። ቆዩ። ዘይትና ስኳር ላይ ትርፉ ቀጭን ነው። ከመቶ ብር ሽያጭ ስድስት ብር ያህል ይተርፋቸዋል። ይህ በዓመት 72,000 ብር ነው። ጥግ ላይ ላለችው የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል በወር 4,000 ብር ኪራይ ይከፍላሉ፣ በዓመት 48,000። የቀረው 24,000 ብር ነው። መብራትና የባጃጅ ማመላለሻ ገና አልተነሳም።

እዚህ ላይ ነው ልብ በሉልኝ የምለው። ከ1,200,000 ብር ሽያጭ አንድ በመቶ ማለት 12,000 ብር ነው። አንዲት በመቶ ብቻ ከቀራቸው ገንዘብ ግማሹን ትወስዳለች። አሁን ገማቾቹ ሰኞን ከሌሎቹ ቀናት ሳያካፍሉ፣ ቆርቆሮውን ጨምረው፣ የቀን ሽያጩን 6,000 ብር አደረጉት እንበል። ዓመቱ 1,800,000 ይሆናል። አንድ በመቶው 18,000 ብር ነው። ከ24,000 ብር ላይ። አነስተኛ ነጋዴ ድሮም የሚከፍለው ከቀን ገቢ ግምት ተነስቶ ነው፤ በ2017 የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያም መነሻውን ዓመታዊ ሽያጭ አድርጎታል። ስለዚህ የሽያጩ ቁጥር በትንሹ ሲሳት ሰውየው ላይ የሚወድቀው ጭነት ትንሽ አይሆንም። ልብስ ስፌት ቤት ከመቶ ብር አርባ ሊተርፈው ይችላል። ዘይት ሻጭ ስድስት። ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት ግምት ሊባል አይገባውም።

ገማቾቹ ክፉ ናቸው አልልም። ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ እዚሁ አብረን ያደግን ልጆች ናቸው። በአንድ ቀን ይህን ሁሉ ሱቅ አይታችሁ ጨርሱ ተብለው የወጡ፣ በእጃቸው ምንም መሣሪያ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። መሣሪያ የሌለው ሰው የሚመዝነው በዓይኑ ነው። ዓይን ደግሞ አዲስ ቆርቆሮ ያያል፣ ሰልፍ ያያል፣ የጎረቤት ወሬ ይሰማል። ዱቤ አያይም። የተበላሸ በርበሬ አያይም። በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምቱ አገር ያስጮኸው፣ በብዙ ከተሞችም ሱቅ ያዘጋው ለዚህ ነው። ከዚያ የተማርነው ምን እንደሆነ አሁንም መጠየቅ አለብን።

የዋጋውንም ነገር አትርሱ። መንግሥት ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የነጋዴው ሽያጭ በብር ሲቆጠር አድጎ ይታያል። ያንኑ ጀሪካን ዘይት ነው የሸጠው፣ ያውም ጥቂት ጀሪካን ቀንሶ። ግን ወረቀቱ ላይ ሀብታም ሆኗል። መንገደኛውም "አየኸው፣ በዚህ ኑሮ እሱ አደገ!" ይላል።

ወደ ምቀኝነት ልምጣ። ደሴ ውስጥ ባጃጅ ኋላ ላይ "ምቀኛ አታሳጣኝ" የሚል ጽሑፍ ስታዩ ፈገግ ትላላችሁ። እኔን ግን ያሳስበኛል። ጠንክሮ የሠራ ሰው ከመንግሥትም ከጎረቤትም የሚጠብቀው ምቀኝነት ነው ማለት ነው። እንዲህ ያመነ ሰው ገንዘቡን ባንክ አያስገባም፤ ሱቁን አያሰፋም፤ ሁለተኛ ሠራተኛ አይቀጥርም። እንዳይታይ ይጠነቀቃል። ከተማውም አብሮት ይቀጭጫል።

ሀብታሙ ይበልጥ ይክፈል የሚል ሁሉ ግን ምቀኛ አይደለም። ይህንን ለነጋዴ ወገኖቼ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር እንውሰድ፣ ደመወዙ 12,000 ብር ይሁን። በ2017ቱ ማሻሻያ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ከዚያ በላይ ያለው በደረጃ በደረጃው 15፣ 20፣ 25፣ 30 በመቶ እያለ ይሄዳል። ሲደመር በወር 2,250 ብር ነው። በዓመት 27,000 ብር። ይህን ገንዘብ መምህሩ በእጁ ሳይነካው ነው የሚቆረጥበት። አይከራከርም፣ አይገመትም፣ አይደብቅም። እንግዲህ ይህ መምህር አራዳ ወርዶ ለልጁ ጫማ ሲገዛ "በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?" ብሎ የሚጠይቅ ነጋዴ ቢያጋጥመው፣ ቢናደድ ይፈረድበታል? ይህ ቁጣ የፍትሕ ቁጣ ነው። በደረሰኝ ሲሆን 15 በመቶ ቫት ይጨመራል፣ ያለ ደረሰኝ ሲሆን "ለአንተ ልቀንስልህ" ይባላል። ቅናሹ ከሻጩ ኪስ አይወጣም። የሁላችንም ገንዘብ ነው የሚቀነሰው። እንዲህ እየሠራ፣ ሲጠየቅ "ምቀኞች ናቸው" የሚል ነጋዴ እውነተኛውን የተበደለ ነጋዴ ጭምር ያስጠረጥራል። ሰኞ ገበያ ያሉት እናት ዋጋ የሚከፍሉት ለእሱም ነው። ሰብሳቢው "ሁሉም ይደብቃል" እንዲል ያደረገው እሱ ነው።

ታዲያ ፍትሕን ከምቀኝነት በምን እንለያለን? እኔ አንድ ጥያቄ አለችኝ፣ ራሴንም የምጠይቀው በእሷ ነው። መንግሥት አንዲት ሳንቲም ባያገኝ እንኳ የዚያ ሰው ሱቅ ቢታሸግ ደስ ይለኛል ወይ? መልሱ "አዎ" ከሆነ ፍላጎቴ ግብር አይደለም። ፍትሕ የሚፈልግ ሰው ሰውየው ድርሻውን ከፍሎ ነገም እንዲከፍት ይፈልጋል። የታሸገ ሱቅ ግብር አይከፍልም። ተሸካሚው፣ ሻጯ ልጅ፣ ጥበቃው ሥራ አጥተው ቤት ይውላሉ። እዚሁ ፒያሳ "ታሸገበት!" እየተባለ እንደ ምሥራች ሲወራ ሰምቻለሁ። ማን ተጠቀመ ብዬ ስጠይቅ የሚመልስልኝ አላገኘሁም።

ይህን ነገር አገራችን በሰፊው ሞክራ አይታዋለች። በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ተወረሰ። እውነቱ ይነገር፣ የቤት ኪራይ ድሀውን ያንገበግብ ነበር፣ አዋጁም የብዙ ተከራይ ኪራይ ቀንሷል። በዚህ ዛሬም የሚያመሰግኑ አሉ። በ1968 ደግሞ የነጋዴው ካፒታል ጣሪያ ተበጀለት፤ ለችርቻሮ 200,000 ብር፣ ለጅምላ 300,000 ብር። የገቢ ግብሩ ከፍተኛ መጣኔም ከ80 በመቶ በላይ ወጣ። ጣሪያው ጋ የደረሰ ሰው ወይ አቆመ፣ ወይ ደበቀ፣ ወይ ተሰደደ። ለኪራይ ብሎ ቤት የሚሠራ ጠፋ። የቀበሌ ቤቶቹ ዓመት ከዓመት አረጁ፣ ጭቃቸው ረገፈ፣ አዲስ የሚጨምር የለም። ባለቤቱ ቤቱን አጣ፤ ቤት የሌለው ልጅ ግን አድጎም ቤት አላገኘም። ዛሬ ከፍተኛው መጣኔ 35 በመቶ ነው። ያ ዘመን አልፏል። ስሜቱ ግን በአዋጅ አይሻርምና በየግምት ወረቀቱ ጥግ ይኖራል።

መንግሥት ለምን ያስፈልገናል የሚለውን ወሎ ላይ ሆኖ ማስረዳት አያስቸግርም። በ1966 ረሃቡ ሲገድለን መንግሥት ነበረ፣ ግን ረሃባችንን ደበቀ። ጥቅምት 2014 መገባደጃ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ ኅዳር መጨረሻ ድረስ የሚጠብቀን አጣን። ሆስፒታሉ ተዘረፈ። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ተዘረፉ። ነጋዴው ተመልሶ ሱቁን ሲከፍት መደርደሪያው ብቻ የቀረበት ብዙ ነው። ያን ጊዜ ያየ ሰው "ግብር ለምን እከፍላለሁ?" ብሎ አይጠይቅም። ሰላም፣ ፍርድ ቤት፣ መንገድ፣ ጤና ጣቢያ፣ ውሃ። እነዚህን አንድ ነጋዴ ብቻውን አያመጣቸውም። ለእነዚህ ከልብ እንክፈል። ጦሳ ተራራ ሥር ውሃ በፈረቃ የምንጠብቅ ሰዎች ነን፣ የሚሠራ ነገር ሞልቷል።

ከዚህ አልፎ ማን ስንት ሊኖረው እንደሚገባ መወሰን ግን የመንግሥት ሥራ አይመስለኝም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 የፈለጉትን ሥራ ሠርቶ የማደር ነፃነት ሰጥቶናል። በአንቀጽ 100 ደግሞ ታክስ ሲጣል ከምንጩ ጋር የተያያዘ እንዲሆን፣ መጠኑም ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር እንዲመጣጠን ያዛል። እነዚህን ሁለት አንቀጾች አንድ ላይ ያነበበ ሰው ግብር የሚለካው በሠራኸው ሥራና በምታገኘው አገልግሎት እንደሆነ ይገባዋል። ጎረቤትህ ስለ አንተ በሚሰማው ስሜት የሚለካበት ቦታ የለም።

ይህን ካልኩ ዘንድ ስለ መዋጮም ልናገር። ግብር በአዋጅ ነው፣ መዋጮ በፈቃድ ነው። እኛ ጋ ግን ሁለቱ ተቀላቅለዋል። ለስፖርት፣ ለበዓል፣ ለመንገድ ጠጠር፣ ለእንግዳ መቀበያ እየተባለ ዝርዝር ይመጣል። "አንተ 5,000፣ አንተ 20,000" ይባላል። በምን መለኪያ? በዓይን። ሻይ ቤቱን ቀለም የቀባ ሰው በማግሥቱ እጥፍ ይጻፍበታል። እምቢ ካለ "ይህ ሰው ለከተማው አያስብም" የሚል ስም ይወጣለታል፣ ለፈቃድ እድሳት ሲሄድም ወረቀቱ ይዘገይበታል። እኔ መዋጮ ተቃዋሚ አይደለሁም። ወሎ በመረዳዳት የኖረ ሕዝብ ነው፣ ቅርጫውም ዕድሩም ይመሰክራል። በልባችን የምንሰጠውን ግን በዝርዝር አታስገድዱን። ለከተማው የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ በምክር ቤት ይጽደቅ፣ በሕግ ይጣል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለት።

ጥቆማም እንዲሁ ነው። የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ታክስ መሰወሩን በማስረጃ ላጋለጠ ሰው ከተሰወረው እስከ 20 በመቶ ሽልማት እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ሐሳቡ አይከፋኝም፤ ሐሰተኛ ደረሰኝ የሚያትም ሰው መጋለጥ አለበት። የአዋጁ ቃል ግን "በማስረጃ" ነው። እንደኛ ባለ፣ ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ከተማ ጥቆማ ከጠብ፣ ከደንበኛ ሽሚያ፣ ከውርስ ክርክርም ይነሳል። ስለዚህ ጥቆማ ሲመጣ መጀመሪያ ወረቀት ይመርመር፣ ነጋዴው ይጠየቅ። ማሸግ የመጨረሻው እርምጃ ይሁን። ጥቆማው ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ለተጠቆመበት ሰው በጽሑፍ ይነገረው፤ አሁን በዝምታ ነው የሚዘጋው፣ ወሬው ግን አይዘጋም።

"ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ሲባል ያደግን ሰዎች ስለሆንን አቤት ማለት ይከብደናል። ሕጉ ግን አቤት በሉ ይላል። በዚያው አዋጅ የታክስ ውሳኔ የደረሰው ሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ይችላል። ከዚያ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ሲኬድ ግን ካከራከረው ታክስ 50 በመቶውን ማስያዝ ያስፈልጋል። ይህ ለትልቅ ድርጅት ምንም ላይሆን ይችላል። 24,000 ብር ለቀራቸው እናት ግን የተዘጋ በር ነው። ስለዚህ ለአነስተኛ ነጋዴ ትልቁ ፍርድ ቤት ያቺ የመጀመሪያዋ የ21 ቀን ቅሬታ ናት። እሷ በጥንቃቄ ካልታየች ሌላ የላቸውም። እባካችሁ ቅሬታ ሰሚዎቹ ከገማቾቹ የተለዩ ሰዎች ይሁኑ። ይኸው ግምት በዚያው ሰው እጅ ተመልሶ ሲመጣ "ያው ነው" ከማለት ሌላ ምን ይባላል?

ኮምቦልቻ ላሉት አንድ ነገር ልጨምር። በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የገቡ ባለሀብቶች ለዓመታት የገቢ ግብር እፎይታ ያገኛሉ። ከአጥሩ ውጭ ያለው ጋራዥና ምግብ ቤት ይህን እያየ ያጉረመርማል። ማጉረምረሙን ምቀኝነት ብላችሁ አትለፉት። እፎይታው ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ በምትኩ ስንት ሰው እንደተቀጠረ፣ መቼ እንደሚያበቃ በግልጽ ንገሩት። ሰው ምክንያቱን ሲያውቅ ይታገሣል። የማያውቀውን ግን በጥርጣሬ ይሞላዋል።

ለነጋዴ ወገኖቼ፦ ደረሰኝ ቁረጡ። የሽያጭ ደብተር ያዙ፣ የቀኑን በቀኑ ጻፉ፣ በእርሳስም ቢሆን። ግምትን የሚያሸንፈው እሱ ብቻ ነው። ጎረቤት ሱቅ ሲገመትበት "ይበለው" አትበሉ። ዛሬ በእሱ ላይ የተጻፈው የዓይን ቁጥር ነገ በእናንተም ላይ ይጻፋል።

ለምትገምቱ ወንድሞቼና እህቶቼ፦ በግምት ወረቀቱ ላይ የገበያ ቀንና የአዘቦት ቀን ሽያጭ ለየብቻ የሚሞላበት ቦታ ይኑር። የንግድ ዘርፉ የትርፍ ልክ ይጻፍ። የዱቤ ደብተር ካለ ታይቷል ወይ አልታየም ተብሎ ይፈረምበት። ከጣሪያ፣ ከመኪና፣ ከልጅ ሠርግ የተነሳ ግምት ካለ ምክንያቱ በጽሑፍ ይቀመጥና ነጋዴው ይፈርምበት ወይም ይቃወመው። አነስተኛው ነጋዴ የሚከፍለው ግብር በሕገ መንግሥቱ መሠረት ለክልሉ የሚገባ ነው፣ ማለትም እዚሁ ለእኛ የሚሠራ ገንዘብ ነው። ስለዚህ በዓመቱ መጨረሻ ከየክፍለ ከተማው ስንት ተሰብስቦ ለምን እንደዋለ በአንድ ገጽ ተጽፎ በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ብዙ አልጠየቅኩም፣ አንድ ገጽ ነው።

ቀጣዩ ግምት ከመጀመሩ በፊት፣ እስከ ሰኔ ድረስ፣ ከእነዚህ የትኛው እንደሚቻል የትኛው እንደማይቻል ከነምክንያቱ በዚያው ሰሌዳ ላይ ብትመልሱልን እናነበዋለን። ፎርሙን ለማዘጋጀት ሰው ቢያስፈልጋችሁ እኔም የሙያ ባልደረቦቼም ያለ ክፍያ እንሠራለን። ፈቃደኛ የሆኑ ነጋዴዎችን የሽያጭ ደብተር፣ ስማቸውን ሸፍነን፣ ለናሙና እናመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የነጋዴዎች ሒሳብ ያዥ፣ ከደሴ